ሃይድሮጂኑ የት ይሄዳል? ስለ ባሕር አረምና ስለ ላም ጨጓራ

በሰሜን ስኮትላንድ፣ በኦርክኒ ደሴቶች ጫፍ ላይ፣ ኖርዝ ሮናልድሴይ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1832 ነዋሪዎቿ እርሻቸውን ከበጎቻቸው ለመጠበቅ ሲሉ ደሴቲቱን ዙሪያዋን በድንጋይ ካብ አጠሯት። ካቡ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በጎቹ የቀሩት ከካቡ ውጭ፣ ባሕሩ ዳር ነው። እዚያ የሚግጡት ሣር ስለሌለ የሚበሉት ቡናማ የባሕር አረም ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ወርደው ይግጣሉ፤ ሲሞላ ወጥተው ያመሰኳሉ። የወለዱ እናቶች ለጥቂት ወራት ወደ ሣሩ ይገባሉ እንጂ የቀረው መንጋ ዓመቱን እዚያው ይከርማል። የባሕር አረም መዳብ ያንሰዋል፤ ስለዚህ የእነዚህ በጎች ሰውነት ያገኘውን ጥቂት መዳብ አሟጦ መያዝን ለምዷል። እንደ ሌላው በግ ሣር ላይ ብቻ ቢውሉ፣ ለሌላው በግ ምንም የማያደርገው መዳብ እነርሱን ሊመርዛቸው ይችላል።

ይህን ያነሳሁት የባሕር አረም ለሚያመሰኩ እንስሳት እንግዳ ነገር አለመሆኑን ለማሳየት ነው። በአይስላንድና በኖርዌይ ጠረፎችም ድርቆሽ ባለቀ ጊዜ ከብቱ ወደ ባሕር ዳር ይነዳ ነበር። በእነዚህ ዓመታት በብዙ ቤተ ሙከራ የሚጠናው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኦርክኒ በጎች አረሙን የሚበሉት ጠግበው ለማደር ነው። አሁን የሚጠናው አንድ የቀይ አረም ዓይነት ሲሆን፣ ዱቄቱ ወይም ንጥሩ በየቀኑ በግራም እየተመዘነ ከሌላው መኖ ጋር ይቀላቀላል። ዓላማው ላሚቱን መመገብ አይደለም፤ ጨጓራዋ ውስጥ የሚካሄድ አንድ ሥራ እንዲቆም ማድረግ ነው። ሥራውን ሳናውቅ አረሙ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ስለማንችል፣ መጀመሪያ ወደ ጨጓራው እንግባ።

ላም ባለ አራት ክፍል ጨጓራ አላት። ሦስተኛው በየማጀቱ የምናውቀው፣ ቅጠል በቅጠል የተደራረበውና ለማጠብ የሚያስቸግረው ሽንፍላ ነው። አራተኛው እንደ ሰው ሆድ አሲድ እያመነጨ ይፈጫል። ትልቁና ለእኛ ጉዳይ ዋነኛው የመጀመሪያው ነው፤ ባለሙያዎች ሩመን ይሉታል። በአዋቂ ላም ውስጥ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ሩመንን ለመረዳት የተከደነ የጠላ ጋን ማሰብ ይጠቅማል፤ አየር አይገባውም፣ ሙቀቱ አይለዋወጥም፣ ውስጡ ያለውን እህል የሚለውጡትም በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው፤ ሥራቸውን ሲሠሩ ጋዝ ይወጣል። ልዩነቱ ይህኛው ጋን ፈጽሞ አለማረፉ ነው። በአንድ በኩል መኖ ይገባል፣ በሌላ በኩል የላመው ያልፋል፤ ሙቀቱም ሌት ተቀን 39 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው።

በዚህ ፈርስ ውስጥ፣ በአንዲት ሚሊ ሊትር ብቻ፣ 10 ቢሊዮን ያህል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ከእነርሱ ጋር ፕሮቶዞአ፣ ፈንገስ፣ እንዲሁም አርኬያ የሚባሉ ባክቴሪያ መሳይ ፍጥረታት አብረው ይኖራሉ። ላም ጭድና ሣር በላች እንላለን እንጂ የጭዱን ሴሉሎስ የሚሰባብር ኢንዛይም የራሷ ሰውነት አይሠራም። የሚሰባብሩላት እነዚህ ተሕዋስያን ናቸው። ሴሉሎሱን ወደ ስኳር፣ ስኳሩን ደግሞ ወደ አጫጭር አሲዶች ይለውጡታል። ዋነኞቹ ሦስት ናቸው፦ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት። አሴቴት ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። ላሚቱ እነዚህን አሲዶች በሩመኗ ግድግዳ በኩል ወደ ደሟ ትመጣቸዋለች፤ ከምታገኘው ጉልበት 70 በመቶ ያህሉ ከእነርሱ ነው። ከአሴቴት የወተቷን ቅባት ትሠራለች፤ ከፕሮፒዮኔት ደግሞ ግሉኮስ፣ ከግሉኮሱም የወተቱን ስኳር።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው ቀጥሎ በሚመጣው ትንሽ የሂሳብ ሥራ ውስጥ ነውና አንባቢ ትንሽ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ወደ ሁለት አሴቴት ሲለወጥ 4 የሃይድሮጂን ጋዝ ሞለኪውሎች ይተርፋሉ። ያው ግሉኮስ ወደ ፕሮፒዮኔት ሲለወጥ ግን ሃይድሮጂን አይተርፍም፤ እንዲያውም ሁለት ከሌላ ቦታ ተወስደው ይገቡበታል። እንግዲህ አሰሩ የበዛ መኖ፣ ለምሳሌ ጭድ፣ አሴቴትን ስለሚያበዛ ብዙ ሃይድሮጂን ይተርፈዋል። እህል የበዛበት መኖ ወደ ፕሮፒዮኔት ስለሚያደላ የሚተርፈው ያነሰ ነው።

የተረፈው ሃይድሮጂን ተጠራቅሞ መቀመጥ አይችልም። ከበዛ ባክቴሪያዎቹ ስኳር ሲሰብሩ የሚያወጡትን ኤሌክትሮን የሚያራግፉበት ያጣሉ፤ ያን ጊዜ የመኖው መብላላት ይዘገያል። ስለዚህ የሚጠርገው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የያዙት አርኬያዎቹ ናቸው። 4 ሃይድሮጂን ከአንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህደው አንድ ሚቴንና ሁለት ውሃ ይሠራሉ። ከአንድ ግሉኮስ አሴቴት ሲሠራ የተረፉት 4 ሃይድሮጂኖች አንድ ሚቴን ለመሥራት በትክክል ይበቃሉ። ላሚቱ ሚቴኑን አትጠቀምበትም፤ በግሳት ታወጣዋለች። ብዙ ሰው በኋላዋ የሚወጣ ይመስለዋል እንጂ ከ100 እጅ 95 ያህሉ የሚወጣው በአፏና በአፍንጫዋ ነው።

ይህ ጋዝ በሁለት ነገር ያስወቅሳል። አንደኛው ለከብቱ ባለቤት ኪሳራ መሆኑ ነው፤ ከብት ከበላው መኖ ጉልበት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው ሚቴን ሆኖ ይበናል። ሁለተኛው የአየር ንብረት ጉዳይ ነው። አንድ ኪሎ ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል፤ በ20 ዓመት ሲሰላ ደግሞ 80 እጥፍ ያህል። ነገር ግን ከባቢ አየር ላይ የሚቆየው ለ12 ዓመት ገደማ ብቻ ስለሆነ ዛሬ የቀነሱት ሚቴን ውጤቱ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይታያል። ተመራማሪዎቹ ወደ ላም ጨጓራ የተረባረቡት ለዚህ ነው፤ እኔም ጉዳዩ ይህን ያህል ትኩረት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ወደ አረሙ እንመለስ። በካናዳ፣ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት፣ ከባሕሩ ዳር የሚውሉ ላሞቹ ማዕበል የተፋውን አረም እየበሉ ከሌሎቹ የተሻለ ጤናና እርባታ እንዳላቸው ያስተዋለ አንድ ገበሬ ነበር። በዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮብ ኪንሊ ያንን አረም በቤተ ሙከራ ሲፈትሽ ሚቴን በመጠኑ እንደሚቀንስ አየ። በአውስትራሊያ ጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሎሬና ማቻዶና ባልደረቦቿ 20 ዓይነት የሞቃት አካባቢ የውሃ አረሞችን ከሩመን ፈሳሽ ጋር እያብላሉ አወዳደሯቸው፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከሁሉ የላቀው አስፓራጎፕሲስ ታክሲፎርሚስ የሚባለው ቀይ አረም ነበር፤ ሚቴኑን ፈጽሞ ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም። ይህ አረም በዓለም ሞቃት ባሕሮች ሁሉ የሚገኝ ነው። የሃዋይ ሰዎች ሊሙ ኮሁ ብለው ከጥሬ ዓሣ ጋር በጥቂቱ እንደ ማጣፈጫ ይበሉታል።

አስፓራጎፕሲስ ዕጢ በሆኑ ልዩ ሕዋሶቹ ውስጥ ብሮሞፎርም የሚባል ንጥረ ነገር ያጠራቅማል፤ ዓሣና ሌላ ባሕር ውስጥ የሚግጥ እንስሳ እንዳይበላው መከላከያው ነው። ሚቴን አንድ ካርቦን በ4 ሃይድሮጂን ተከቦ የሚገኝበት ሞለኪውል ነው። ብሮሞፎርምም አንድ ካርቦን አለው፤ ነገር ግን ከአራቱ ሃይድሮጂኖች ሦስቱን ብሮሚን ተክቷቸዋል። ሩመን ውስጥ ሲገባ አርኬያዎቹ ሚቴን በሚሠሩባቸው የመጨረሻ እርከኖች ላይ ያሉትን ኢንዛይሞች ይይዝና ሥራቸውን ያቋርጣል። ሌሎቹ ተሕዋስያን ጭዱን መስበር ይቀጥላሉ። በቀላል አነጋገር፣ ከላይ ያየነው የሃይድሮጂን መጥረጊያ ይዘጋል።

መጥረጊያው ከተዘጋ ሃይድሮጂኑ የት ይሄዳል? ስለ ባሕር አረም የሚጻፈው ብዙው ነገር ይህን ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል፤ እኔ ግን የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው እላለሁ። ከፊሉ ፕሮፒዮኔት ወደሚሠሩት ባክቴሪያዎች ይሄዳል፤ ይህ ለላሚቱ ትርፍ ነው። ከፊሉ ግን ማንም ሳይጠቀምበት ሃይድሮጂን ጋዝ ሆኖ በግሳት ይወጣል። በሙከራዎቹ ሚቴን ሲወርድ ከላሞቹ የሚወጣው ሃይድሮጂን በብዙ እጥፍ ሲጨምር ታይቷል። ስለዚህ ሚቴን ሆኖ ይባክን የነበረው ጉልበት በሙሉ ወደ ሥጋና ወተት ይዞራል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ የሚዞረው ተቀባይ ያገኘው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ፤ ቁጥሮቹ ሲጠቀሱ ብዙ ጊዜ ያሳስታሉና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ኪንሊና ባልደረቦቹ በ2020 ባወጡት ጥናት በአውስትራሊያ የማድለቢያ ጣቢያ ውስጥ ላሉ ሰንጋዎች የደረቀ አስፓራጎፕሲስ ከመኖው ኦርጋኒክ ይዘት 0.2 በመቶ ብቻ ሰጡ። ሚቴኑ በ98 በመቶ ወረደ። ዓለም ሁሉ የተቀባበለው ይህን ቁጥር ነው። ከዚያ በፊት በ2019 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ በፕሮፌሰር ኤርሚያስ ክብረአብ ቤተ ሙከራ፣ የዚሁ አረም ዘመድ የሆነው አስፓራጎፕሲስ አርማታ ለ12 የወተት ላሞች ተሰጥቶ ነበር። ኤርሚያስ ኤርትራ ተወልዶ በአስመራ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ በዚህ መስክ ስማቸው ከሚጠራ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነው። በዚያ ሙከራ መጠኑ 1 በመቶ ሲሆን ሚቴኑ በ67 በመቶ ቀነሰ።

0.2 በመቶ የሆነው 98፣ 1 በመቶ የሆነው 67። አምስት እጥፍ ሰጥቶ ያነሰ ውጤት ማግኘት ምን ማለት ነው? መልሱ አረሙ ውስጥ ባለው ብሮሞፎርም ይጀምራል። የአውስትራሊያው አረም በአንድ ግራም 6.5 ሚሊ ግራም ያህል ብሮሞፎርም ነበረው፤ የካሊፎርኒያው 1.3 ሚሊ ግራም ያህል። ብናባዛው በሁለቱም ሙከራ ከብቱ ለአንድ ኪሎ መኖ ያገኘው ብሮሞፎርም 13 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ማለትም እኩል ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሌላው ነገር መኖው ነው። ሰንጋዎቹ እህል የበዛበት የማድለቢያ መኖ ይበሉ ነበር፤ የወተት ላሞቹ መኖ ብዙ ድርቆሽና ገፈራ ነበረበት። አሰር በበዛ መጠን የሚተርፈው ሃይድሮጂን ይበዛል፤ ሃይድሮጂኑ ከበዛ ደግሞ ያንኑ ያህል ሚቴን ለመከልከል ብዙ ብሮሞፎርም ያስፈልጋል።

የካሊፎርኒያው ሙከራ ሌላም ነገር ያስተምራል። 1 በመቶ የተሰጣቸው ላሞች የሚበሉት መኖ በ38 በመቶ ቀነሰ፤ ወተታቸውም 11.6 በመቶ ወረደ። አረሙ ጨውና ማዕድን የበዛበት፣ ሽታውም ኃይለኛ ስለሆነ ላሞቹ አልወደዱትም። ከብት ሲራብም ሚቴኑ ይቀንሳል። ስለዚህ ያ 67 በመቶ በአንድ ኪሎ የተበላ መኖ ሲሰላ 43 በመቶ ያህል ነው። ማንም ሰው ስለ ሚቴን ቅነሳ ቁጥር ሲነግረን በቀን ነው፣ በኪሎ መኖ ነው ወይስ በሊትር ወተት ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል። ሦስቱ ፍጹም የተለያየ ታሪክ ይናገራሉ።

የአረሙ ንጥር አስፈላጊነት የመጣው ከዚሁ ችግር ነው። የሚፈለገው ብሮሞፎርሙ ከሆነ ላሚቱ ጨውና አዮዲኑን ሁሉ አብራ ለምን ትበላለች? ደግሞም ብሮሞፎርም በቀላሉ የሚተን ነገር ነው፤ አረሙን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ብዙው በኖ ይጠፋል። በረዶ አድርጎ በሚያደርቅ መሣሪያ ማድረቅ ይቻላል፤ ግን መሣሪያውም ኤሌክትሪኩም ውድ ነው። ቀለል ያለው ዘዴ ትኩሱን አረም የምግብ ዘይት ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ብሮሞፎርም በዘይት ስለሚሟሟ ወደ ዘይቱ ያልፋል፤ ዘይቱም እንዳይተን ይይዘዋል። ከዚያ የሚመዘነው የአረሙ ክብደት ሳይሆን በዘይቱ ውስጥ ያለው ብሮሞፎርም ነው፤ ዘይት ደግሞ ለመኖ አዲስ ነገር አይደለም። በአውስትራሊያ ይህን ዘይት ዋግዩ ለሚባሉ የሥጋ ከብቶች ከ9 ወር በላይ የሰጠ ረጅም ሙከራ ግን ሚቴኑ የቀነሰው በ28 በመቶ ብቻ መሆኑን፣ ከብቶቹም ያነሰ መኖ በልተው ለገበያ ለመድረስ ተጨማሪ ቀናት መፍጀታቸውን አሳይቷል። እንዲህ ያለ ውጤት በይፋ መውጣቱ ለእኔ ከ98ቱ በመቶ ያልተናነሰ ዋጋ አለው።

የወተቱና የሥጋው ጤንነት ሌላው ጥያቄ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ብሮሞፎርምን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚላቸው ንጥረ ነገሮች ጋር መድቦታል። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውሃ ውስጥም በጥቂቱ ይፈጠራል፤ ኤጀንሲው ከሦስት ዘመዶቹ ጋር ተደምሮ በሊትር ከ80 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ገደብ አውጥቷል። የካሊፎርኒያው ሙከራ ወተቱ ውስጥ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በኔዘርላንድ በ2021 የወጣ ጥናት ግን በወተትና በሽንት ውስጥ ብሮሞፎርም አግኝቷል፤ ከታረዱት መካከል የሩመናቸው ግድግዳ ጤናማ ያልነበረ ላሞችም ነበሩ። በዚህ ላይ አዮዲኑ አለ፤ ሙሉው አረም ሲሰጥ አዮዲኑ በቀጥታ ወደ ወተቱ ይገባል። ትንሹ ለሰው ጥሩ ቢሆንም ብዙው በተለይ ለሕፃናት የእንቅርት ዕጢ ጎጂ ነው። እነዚህ ነገሮች ጥናቱን የሚያስቆሙ አይደሉም፤ ግን መጠኑን በግምት መስፈር እንደማይቻል በግልጽ ያሳያሉ።

የቡናማው አረም ታሪክ አጭር ነው። ሚቴንን በመቀነስ የቀዩን ያህል አይደለም። ፍሎሮታኒን የሚባል ውህድ ስላለው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ፕሮቲኑ ሩመን ውስጥ ቶሎ እንዳይሰበር ያግዛል። በሰሜን አትላንቲክ የሚበቅለው አስኮፊለም ኖዶሰም ደግሞ በማድለቢያ ከብቶች እበት ውስጥ አደገኛውን ኢ. ኮላይ እንደሚቀንስ ታይቷል። ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነው። ፍሎሮታኒን ሲፈታ መሠረቱ ፍሎሮግሉሲኖል የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ የሩመን ባክቴሪያዎችም ይህን ሞለኪውል ሃይድሮጂን እያስገቡበት ወደ አሴቴት ሊለውጡት ይችላሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ሚቴን ከሚከለክል ንጥረ ነገር ጋር አብሮ ለሰንጋዎች ሲሰጥ፣ ሲባክን የነበረው ሃይድሮጂን ቀንሷል። ቀዩ አረም መጥረጊያውን ይዘጋል፤ የቡናማው አረም ሞለኪውል ደግሞ የተረፈውን ሃይድሮጂን ተቀብሎ ለላሚቱ ጉልበት ያደርገዋል። ይህ መንገድ ገና በጥናት ላይ ቢሆንም ከላይ ላነሳሁት ጥያቄ እስካሁን ከቀረቡት መልሶች ሁሉ የሚያምረው እርሱ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ማለት ነው? ባሕር የላትም፤ 70 ሚሊዮን ያህል የቀንድ ከብት ግን አላት። አብዛኛው ከብት ውሎው ግጦሽ ላይ ነው፤ ማታ ጭድና አገዳ ይጣልለታል። ብሮሞፎርም በየቀኑ፣ በተመዘነ መጠን፣ ከመኖ ጋር ተደባልቆ ሲሰጥ የሚሠራ ነገር ነው። የዴቪስ ተመራማሪዎች በሞንታና ለሚሰማሩ ሰንጋዎች በእንክብል አድርገው ሲሰጡ ያገኙት ቅነሳ 38 በመቶ ያህል ነበር፤ በ2024 የወጣው ይህ ውጤት ለግጦሽ ከብት ትልቅ ነው፣ ሆኖም ከማድለቢያው እጅግ ያነሰ ነው። ጭድ ላይ የሚኖር ከብት ደግሞ አሰሩ የበዛ፣ ስለዚህ ሃይድሮጂኑ የተትረፈረፈ ነው።

ንጥሩን ከተሻሻለ መኖ ጋር ለማወዳደር አንድ ምሳሌ ላስላ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። አንዲት የአገር ላም በቀን 120 ግራም ሚቴን ታወጣለች፣ 2 ሊትር ትታለባለች እንበል። ለአንድ ሊትር ወተት 60 ግራም መሆኑ ነው። ከውጭ የመጣ ንጥር ሰጥተን ሚቴኑን በ30 በመቶ ብንቀንስ ለአንድ ሊትር 42 ግራም ይደርሳል፤ ወተቷ ግን ያው 2 ሊትር ነው። በምትኩ ጭዷን በዩሪያ አክመን፣ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ጨምረንላት፣ ከጓሮ የተቆረጠ፣ ትሪ ሉሰርን የሚባል የመኖ ዛፍ ቅጠል ብንሰጣት ሚቴኗ ወደ 140 ግራም ከፍ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ወተቷ 4 ሊትር ከደረሰ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ብቻ ይሆናል። ለሥጋዋና ለነፍሷ ማቆያ የምታወጣው ሚቴን በብዙ ሊትር ላይ ተከፋፍሏልና። በመንደሩ የሚፈለገው ወተት በሁለት ላም ፋንታ በአንዷ ሲሞላ ደግሞ ጠቅላላው ሚቴንም ይወርዳል፤ ባለቤቱ የላሞቹን ቁጥር ካልቀነሰ ግን በመንደሩ ደረጃ የሚወጣው ጋዝ አይቀንስም። በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ እህልና ፋጉሎ ቀላቅለው የሚመግቡ፣ የተዳቀሉ ላሞች ያሏቸው የወተት እርባታዎች ግን ለንጥሩ የሚስማማው መኖም ሚዛኑም አላቸው፤ በአገራችን ሙከራ ይጀመር ከተባለ መጀመሪያ ሊታሰቡ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው።